ሻኛ የሌለው የዋግዩ ዲቃላ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ስለ ጤናዬ መጠየቅ ትቷል። የሚጠይቀኝ ስለ ዋግዩ ነው። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ቁጭ ከማለቴ ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ፣ "እትዬ ሙሉ፣ ያ የጃፓን ከብት እውነት ያዋጣል?" ይለኛል። ባለፈው ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ድንኳን ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ከንፈሩን መጦ ሳይጨርስ ስልኩን አወጣና፣ የሆነ አገር ምግብ አብሳይ ነጭና ቀይ የተዥጎረጎረ ሥጋ ሲገለብጥ አሳየኝ። "ይኼን እዚህ አዳማ ብናራባው ምን ይመስልሻል?" አለኝ። ሟች የአክስቱ ልጅ ነበር።

መልስ አለኝ። ችግሩ መልሴ ረጅም መሆኑ ነው። "ጥሩ ጎን አለው" ብዬ ስጀምር የጠያቂው ፊት ይበራል፤ "ግን" ስል ዓይኑ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ከ"ግን" በኋላ ያለውን ቁጭ ብሎ የሰማኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ስለዚህ አንዴ ከነ"ግን"ዋ ልጻፈውና የሚጠይቀኝን ሁሉ "አንብብ" ልበለው ብዬ ነው ይኼን የጀመርኩት።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው "ዶክተር" ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም። የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነኝ። ይህንን ዕድሜ ልኬን ሳስረዳ ኖሬ የገባው ሰው ስለሌለ አሁን "አቤት" እላለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ቦረና ቆላ ውስጥ በነበረ አንድ የመንግሥት የከብት እርባታ ጣቢያ ነው። የአዳማ ልጅ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ከብት የማውቀው የገበያ ቀን በአስፋልቱ ሲያልፍ ነበር። ከኮሌጅ ወጥቼ ጣቢያው ስደርስ የተቀበሉኝ ጋሽ ጉተማ የሚባሉ ኃላፊ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። የማውቀውን ሁሉ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ ብል ማጋነን አይሆንም።

ጋሽ ጉተማ በረት ሲገቡ ዱላ አይዙም ነበር። በሩ አጠገብ ቀጥ ብለው ይቆሙና ከብቶቹ እስኪረሷቸው ይጠብቃሉ። እኔ ፀሐዩ አናቴን እየበላኝ ከኋላቸው እቁነጠነጣለሁ፤ እሳቸው ዞረው አያዩኝም። ከዚያ ቀስ ብለው ይገባሉ። መጀመሪያ የሚያዩት ከብቱን ሳይሆን እበቱን ነው። በጫማቸው ጫፍ ገለጥ ያደርጉትና እህሉን ያልፈጨ፣ የቀጠነ፣ የደረቀ መሆኑን አይተው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ቀጥሎ መዳፋቸውን ዘርግተው ከጎድኑ ጀምሮ እስከ ዳሌው ድረስ ይዳስሳሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው። ሲጨርሱ የኔን እጅ ይዘው በዚያው መስመር ያስኬዱታል።

"ይኼ ስብ ነው ሥጋ?" ይሉኛል።

"ሥጋ ይመስለኛል።"

"ዓይንሽን ጨፍኚ። ይመስለኛል የሚለው ዓይንሽ ነው። እጅሽ ምን አለ?"

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ አዲስ ዝርያ፣ አዲስ መኖ፣ አዲስ መድኃኒት ሲያወድስ ቡናቸውን እየጠጡ ያዳምጡና ሲወጣ ወደኔ ዞረው፣ "በይ አንቺ ደግሞ ጉዳቱን ንገሪኝ። ጥቅሙን ሻጩ ነግሮኛል" ይሉኛል። መልስ ከሌለኝ ስብሰባው አላለቀም። ጉዳቱን ፈልጌ እስካመጣ ድረስ ስለዚያ ነገር ሌላ ቃል አይናገሩም። መጀመሪያ ላይ ተስፋ ለማስቆረጥ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን እሳቸው ራሳቸው ብዙ አዲስ ነገር የሚሞክሩ ሰው መሆናቸውን አየሁ፤ ጉዳቱን ካወቁ በኋላ ነው እንጂ።

እዚያ ሳለሁ ከፈረንጅ ከብት የተዳቀሉ ኮርማዎች መጡልን። ግዙፎች ነበሩ፤ ጎብኚ ሲመጣ ፎቶ የሚነሳው ከነሱ ጋር ነው። በጋው ሲጠና ግን የቦረና ከብቶቹ ውሃ ፍለጋ ሲሄዱ እነሱ ጥላ ስር ቆመው ምላሳቸውን አውጥተው ያለከልኩ ነበር። ድርቆሽ በመኪና ማመላለስ ጀመርን። ጋሽ ጉተማ አልተናደዱም። "ጥፋቱ የከብቱ አይደለም" አሉ። "ለምለም አገሩን ትቶ እንዲመጣ የጠራነው እኛ ነን።"

ከዚያ ወደ መቂ፣ ከመቂ ወደ ባቱ ተዛወርኩ። ሥራዬ የገበሬውን ላም በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅሉትን ባለሙያዎች መምራት ነበር። አለቆቼ ተፈራረቁ። አንዱ ስንት ላም እንደተዳቀለ በየሳምንቱ ይጠይቃል፤ ስንት ጥጃ እንደተወለደ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። ዘሩ የሚቀመጥበት ዕቃ ናይትሮጅኑ ተንኖ፣ ዘሩ ከሞተ በኋላ እንኳ "ሥራው መቆም የለበትም" ብሎ ሊያስቀጥለን ሞክሯል። በሞተ ዘር! "ታዲያ ምን ይወለዳል?" ብዬ ስጠይቀው "እሱ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ጉዳይ ነው" አለኝ። ደሞዙ ያው እንደሚታወቀው ነው፤ ስለሱ ጽፌ ራሴን አላበሳጭም።

የመጨረሻዎቹን የሥራ ዓመታት ያሳለፍኩት አዳማ ዳር በሚገኝ አንድ የግል የከብት ማድለቢያ ነው። ባለቤቱ አቶ ፈቃዱ ይባላል። ቀድሞ ብረትና ሲሚንቶ ነጋዴ ነበር። እንዲህ ስጽፍ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ለሠራተኛው ሩኅሩኅ፣ ጎህ ሲቀድ ከሁሉም ቀድሞ በረት የሚደርስ፣ ሰው ሲታመምበት ራሱ መኪናውን አስነስቶ ሐኪም ቤት የሚወስድ ነው። አንድ ነገር ብቻ አይችልም፤ መጠበቅ።

ለማድለብ ይኼ ጠባይ ክፉ አልነበረም። ከቆላ የቦረና ወይፈኖች በመኪና ይመጣሉ፤ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ (ዘይት የተጨመቀ እህል ተረፍ)፣ ገለባና ከስኳር ፋብሪካው የሚመጣ ሞላሰስ ይበላሉ፤ ሦስት ወር ገደማ ውስጥ ደረታቸው ሰፍቶ፣ ሻኛቸው ቆሞ ወደ ጅቡቲ ይጫናሉ። ዓረቦቹ የሚፈልጉት ቀይ፣ ስብ ያልበዛበት ሥጋ ነው። ቦረና ያንን ይሰጣል። ሥራው ይሄድ ነበር።

አንድ ጊዜ ግን አቶ ፈቃዱ ደንበኞቹን ሊያይ ዱባይ ሄደና ዋግዩ ጋብዘውት ተመለሰ። ከአውሮፕላን ወርዶ ቤቱ ሳይገባ በረት መጣ።

"እትዬ ሙሉ፣ አንድ ሳህን ሥጋ ነው። አንድ ሳህን! እኔ ስንት ወይፈን ጭኜ የማገኘውን እነሱ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያገኙት። አፍ ውስጥ እኮ አይታኘክም፤ ይቀልጣል።"

"ስብ ስለሆነ ነው" አልኩት። "ስቡ ከሥጋው ውስጥ እንደ ክር ገብቶ ነው።"

"እኮ! ቦረናን ከዋግዩ እናዳቅላለን። ግማሽ ዋግዩ ቢሆን ምን አለበት?"

"ጉዳቱን ልንገርዎት?"

"ጥቅሙን ይንገሩኝ።"

ሁለቱንም ነገርኩት። ጥቅሙ፦ ጥጃው ሲወለድ ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ የምትወልድ ጊደር አትቸገርም። ጠባዩ ገር ነው። ሥጋው፣ በአግባቡ ከተቀለበ፣ ከቦረና ይለሰልሳል። ጉዳቱ፦ ቶሎ አያድግም። ያ እንደ ክር የሚገባው ስብ በሦስት ወር አይመጣም፤ ከቦረናው አራት እጥፍ ያህል ጊዜ፣ ያውም እህል እየበላ መቆየት አለበት። ሙቀቱንና መዥገሩን እንደ ቦረና አይችልም። ሴቶቹ ቢቀሩ ወተታቸው አያስደስትም። ደግሞ ያንን ሥጋ ከሌላው ለይቶ ደረጃ የሚያወጣለት ቄራ የለንም፤ ለይቶ የሚገዛም አላየሁም። ከሁሉ በላይ የቦረናን ደም ዝም ብለን በየገበሬው ቤት ከበረዝነው በኋላ መልሰን የምናጠራበት መንገድ የለም።

አቶ ፈቃዱ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማና፣ "ስለዚህ ጊደሯ በቀላሉ ትወልዳለች" አለ።

ዘሩ ከውጭ መጣ። የማድለቢያው የራሱ ጊደሮች ስለማይበቁ አቶ ፈቃዱ የደራን ገበሬዎች ሰበሰበ። ደራ ከአዳማ ወደ አሰላ ሲኬድ፣ ሁሩታ ሳይደረስ ያለች ከተማ ናት። ከብታቸውን በዋግዩ ላስዳቀሉ ሰዎች ወይፈኑ ሲደርስ ማድለቢያው ከቦረና አስበልጦ እንደሚገዛ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። ከዚያ "ባለሙያዋ ታስረዳችሁ" ብሎ ማይኩን ሰጠኝ። ጥቅሙን ተናገርኩ፤ ተጨበጨበ። "ጉዳቱን በተመለከተ..." ስል ማይኩን ከእጄ ተቀበለኝና "ዝርዝሩን በኋላ ትነግራችኋለች፣ አሁን ለስላሳ ቅረቡ" አለ። እዚያ ግቢ ውስጥ ሰው ሁሉ ለስላሳው ላይ ሲረባረብ እኔ እንደ ሐውልት ቆሜ ቀረሁ። ቀረብ ያሉትን እየያዝኩ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ግማሾቹ ፈርቼ የምናገር መሰላቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ ጥቅሙን ለራሴ ላስቀር የፈለግኩ።

ከቀረቡት አንዷ አደ ዘይነባ ነበረች፤ "አደ" በኦሮምኛ "እትዬ" እንደማለት ነው። ከደራ ወጣ ብሎ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ መሬቷን ትልቁ ልጇ ከድር የሚያርስላት ሴት ናት። አንዲት ቀይ ጊደር ነበረቻት። እኔ የምለውን እስከ መጨረሻው ሰማች።

"ናጋ ነው ታዲያ፣ ደህና ነገር ነው? ላስዳቅል አላስዳቅል?"

"የሚገዛሽ ካለ አስዳቅይ።"

"ይገዛል ብሎ በሰው ፊት ተናገረ አይደል?"

"ተናገረ።"

"እንግዲያ ተናገረ" አለች፤ ጊደሯ ተዳቀለች።

ጥጃዎቹ ተወለዱ። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ደስ ይሉ ነበር። ጥቋቁር፣ ትናንሽ፣ ዓይናቸው የረጋ። ሲወለድ ገመድ አስረን የሳብነው አንድም ጥጃ አልነበረም። የቦረናውን ወይፈን ለመመዘን ብዙ ሰው ይረባረባል፤ እነዚህ ግን ጆሯቸውን እያከክሽ የትም ይከተሉሻል። የበረቱ ሠራተኞች ወደዷቸው። እኔም ወደድኳቸው፤ ይኼንንም ለአቶ ፈቃዱ ነገርኩት።

ከዚያ ማደግ ሲገባቸው ተረጋጉ። ቦረናው ገብቶ ደልቦ ይሄዳል፤ ሌላ ቦረና ይመጣል፤ እሱም ይሄዳል። ዲቃሎቹ አሉ። አቶ ፈቃዱ በየጠዋቱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያቸዋል።

"አሁንም አልደረሱም?"

"አልደረሱም።"

"ምን እየሠሩ ነው?"

"እያደጉ ነው።"

"ያኛው እኮ ከነሱ በኋላ መጥቶ ሄደ!"

"ያኛው ቦረና ነው፣ አቶ ፈቃዱ።"

ይኼንን ንግግር ስንት ጊዜ እንደተነጋገርነው አላውቅም። ቀን ቀን ሙቀቱ ሲበረታ ያለከልካሉ፤ ዳስ ሠራንላቸው። ዝናብ ሲዘንብ መዥገር ይወርራቸዋል፤ ደጋግመን እንረጫለን። በቆሎ ተወደደ። ፋጉሎ ጠፋ። በየስንቱ ጉዳይ ስልኬ ይጮህ ነበር። እኔ በእጄ እየዳሰስኩ ጎድናቸው ላይ ገና ምንም እንደሌለ አውቃለሁ። "ይጠብቁ፣ የሚመጣው ስብ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው" እላለሁ። የሚያይ እንጂ የሚዳስስ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ የአቶ ፈቃዱ ትዕግሥት አለቀ። ከሁሉ የተሻለውን አንዱን ወይፈን አሳርዶ ወዳጆቹን ሊጋብዝ ወሰነ። "ሥጋውን ሰው ቀምሶ ያውራው" አለ። ያ ወይፈን ከሌሎቹ ቀድሞ የበቃ ስለነበር እኔም አልተቃወምኩም። የተቃወምኩት ቦታውን ነው። ጋቢና ሸሚዝ የለበሱ ባለሀብቶችን ሰብስቦ የወሰዳቸው አዳማ ውስጥ ወዳለ አንድ የታወቀ ሥጋ ቤት ነው፤ ቁርጥ ሊያበላቸው።

"ይኼ ሥጋ ጥሬውን አይበላም" አልኩት መኪና ውስጥ። "እሳት ካልነካው ስቡ አፍ ላይ ይረጋል።"

"እትዬ ሙሉ፣ የአዳማ ሰው ሥጋ አያውቅም ሊሉኝ ነው?"

ሥጋ ቆራጩ ሽመልስ የሚባል ፈርጠም ያለ ጎልማሳ ነው። ሙዳውን ከመንጠቆው አውርዶ እንጨቱ ላይ አሳረፈውና ቢላዋውን አስገባ። ሥጋው ተከፈተ። እኔ በዓይኔ አየሁት፤ ያ የተለፋበት ክር እውነትም ጀምሮ ነበር፤ በቀዩ ሥጋ ውስጥ ነጫጭ ነጠብጣብ ተረጭቷል። ልቤ ሞቀ። ሽመልስ ግን ቢላዋውን አቆመ። ጎንበስ ብሎ አየው። በቢላዋው ጫፍ አንዷን ነጭ ፍሬ ነቅሎ ሊያወጣ ሞከረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ጋሼ፣ ይኼ ኮሶ ያለበት ነው" አለ።

ዝቅ ያደረገው ለአክብሮት ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ግን ሰሙት። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ከዚያ ቃል በላይ የሚያስደነግጠው የለም። አንዱ አዋዜ የነካውን እጁን በናፕኪን መጥረግ ጀመረ።

"ኮሶ አይደለም!" አልኩ ብድግ ብዬ። "ስብ ነው። ቄራው መርምሮ ማኅተም አድርጎበታል። እንዲህ እንዲሆን ነው የተዳቀለው።"

"እንዲህ እንዲሆን ብላችሁ ነው?" አለኝ ሽመልስ፤ ከልቡ ተገርሞ።

"አዎ!"

"ለምን?"

እንግዲህ ለዚህ ምን ይመለሳል? የዓመታት ሥራ፣ ከውጭ የመጣ ዘር፣ የተወደደ በቆሎ፣ ዳስ፣ መዥገር፤ ሁሉም በአንዲት "ለምን" ተጠቃለለ። አቶ ፈቃዱ ፊቱ ቀልቶ አንድ ቁራጭ አነሳና በሚጥሚጣ ነክሮ በሰው ፊት ጎረሰ። አኘከ። አኘከ። እኔ ያልኩት ደረሰ፤ ስቡ ላንቃው ላይ ረጋበት። ውሃ ጠጣ፤ ባሰበት። እንግዶቹ አንድ በአንድ ቀጠሮ ትዝ አላቸው፤ አቶ ፈቃዱም ተከትሏቸው ወጣ። በመጨረሻ የቀረነው እኔና ሽመልስ ብቻ ነን።

"እስኪ ጥበሰው" አልኩት። "ዘይት አትጨምርበት። ቅቤም አትጨምርበት።"

ሸክላው ላይ ጣለው። ሽታው ሲነሳ ዞር ብሎ አየኝ። አንድ ጎረሰ፤ ሁለተኛ ጎረሰ። "ወይኔ" አለ። "ይኼማ ሌላ ነገር ነው። ይኼንን ቀድመው ጥብስ ነው ቢሉኝ ኖሮ..." ቀና ብሎ የአቶ ፈቃዱን ባዶ ወንበር አየና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። እኔ ያን ቀን ቆሜ እንባዬ መጣ። ያስለቀሰኝ ሥጋው መጥፎ መሆኑ አይደለም፤ ጥሩ መሆኑ ነው።

አቶ ፈቃዱ በማግሥቱ የቀሩትን ወይፈኖች ገና ሳይደርሱ ገበያ አወጣቸው። "ጥቂት ወር ብቻ" ብዬ ለመንኩት፤ አልሰማኝም። የከብት ነጋዴ ወይፈን ሲገዛ መጀመሪያ እጁን የሚሰድደው ሻኛ ላይ ነው። የነዚህ ሻኛ እፍኝ አይሞላም። አንዱ ነጋዴ አንገቱን ዳስሶ ዳስሶ፣ "ይኼ ሻኛውን የት ጣለው?" ብሎ ገበያውን አሳቀው። ቀለማቸውም ጥቁር ነው፤ ለበዓል ቀይ ወይም ነጭ የሚፈልግ ሰው ጥቁር አይመርጥም። በማይረባ ዋጋ ሄዱ።

የደራ ገበሬዎችስ? "እኔ አስቁሜያለሁ፤ እርስዎ ሄደው ይንገሯቸው" አለኝ። በሥራ ዘመኔ ከሄድኩባቸው መንገዶች ሁሉ ያ መንገድ ረዘመብኝ። ተሳፍሬ ደራ ስወርድ አንዳንዶቹ ሰምተው ወይፈናቸውን ሸጠው ነበር። የሰደቡኝም አሉ፤ አልፈርድባቸውም። አደ ዘይነባ ጋ ስደርስ ወይፈኗን ከገበያ መልሳ ግንድ ላይ አስራው አገኘኋት። እሷንም ሻኛው የት ሄደ ብለዋታል። ይባስ ብሎ ከሁለቱ የእርሻ በሬዎቿ አንዱ ገደል ገብቶ ሞቶባት ነበር። በአንድ በሬ አይታረስም። ክረምቱ ሲገባ መሬቷን ለሌላ ሰው በእኩል ልትሰጥ ነው ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ከምርቱ ግማሹን መስጠት ነው።

"ይኼ ሰውዬ አይመጣም በቃ?" አለችኝ።

"አይመጣም።"

"ሻኛ የለው፣ ገዢ የለው። ምን ላድርገው እሺ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ንገሪኝ።"

ተናድጄ ነበር። በአቶ ፈቃዱ፣ በነጋዴው፣ በሽመልስ፣ በዋግዩም። "ምን አውቃለሁ!" አልኳት። "አገሩ ላይ እኮ ሥጋው ሳይታወቅ በፊት ጋሪ ጎታችና አራሽ ነበር። እንደሱ የሚታገሥ በሬ የለም ይሉ ነበር። እኛ ጋ ሲመጣ ነው መሳቂያ የሆነው።"

ከድር አጥሩ ጋ ቆሞ እየሰማ ነበር። "አራሽ ነበር አልሽ?" አለኝ።

"ነበር፤ ግን ቀንበራቸው ሌላ ነው። የኛ ቀንበር የሚያርፈው ከሻኛው ፊት ነው፤ ይኼ ምን ይዞለት ይቆማል?"

ከድር ወደ ወይፈኑ ሄዶ አንገቱን ሲለካ ትቼው ወጣሁ። በኋላ እንደነገሩኝ መጀመሪያ ሲጠምደው ቀንበሩ ወደ ጀርባው ተንሸራትቶ ሁለቱ በሬዎች ተጠላለፉ። ሁለተኛ ጊዜም እንደዚያው። ከዚያ ያረጀ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ በጠፍር አሰረለትና ሻኛ ሠራለት። የቦረና ወይፈን ቢሆን ቀንበር አይቶ አገር ያምስ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሁልጊዜው ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሲያርስ ነው የከረመው። አደ ዘይነባ መሬቷን ለማንም አልሰጠችም።

እንግዲህ መልሴ ይኼ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚበቃ እህል ያለህ፣ ጥላ የሠራህ፣ ሥጋውን በእሳት አብስሎ የሚሸጥ ገዢ አስቀድመህ የያዝክ፣ ዲቃላውን ለእርድ ብቻ አድርገህ የቦረናህን ዘር ለብቻው የምታቆይ ከሆነ፣ አዳቅል፤ አትጸጸትም። ከነዚህ አንዱ ከጎደለህ ቦረናህን ይዘህ ተቀመጥ። ከቦረና የተሻለ ቦረና የለም። ይኼንን ለመናገር የሚፈጅብኝ ጊዜ አንድ የባጃጅ መንገድ አይሞላም፤ ግን አያስጨርሱኝም።

የጡረታ ወረቀቴ ከቢሮ ቢሮ ዞሮ ካለቀ በኋላ፣ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አቶ ፈቃዱ ደወለ።

"እትዬ ሙሉ፣ ገበያው መጣ! ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ዋግዩ ይፈልጋል። አብሳዩ ያውቀዋል፤ በእሳት ነው የሚሠራው!"

"ታዲያ ከብት አለዎት?"

"ደራ አንድ ቀርቷል አሉኝ" አለ።

አልሄድም ማለት ይገባኝ ነበር። ግን ሊያይ የሚገባውን እንዲያይ ፈልጌ አብሬው ሄድኩ። ከኋላችን አይሱዙ አስከትሏል፤ ገና ሳይስማማ የሚጭንበትን መኪና! ደራን አልፈን ወደ አደ ዘይነባ ማሳ ስንታጠፍ ዝናብ ጥሎ አፈሩ ጠቁሯል። ከድር እያረሰ ነው። አንዱ በሬ ነጭ፣ ሻኛው የቆመ፤ ሌላው ጥቁር፣ ብርድ ልብስ የታሰረለት።

አቶ ፈቃዱ ከመኪናው ወርዶ ጭቃው ውስጥ ቆመ።

"ዋግዩውን እያረሱበት ነው" አለ፤ ለማን እንደሚናገር እንጃ።

አደ ዘይነባ ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች። እሱ የሚከፍለውን ነገራት፤ ጥሩ ዋጋ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ከጠበቅኩት በላይ። ራሷን ነቀነቀች።

"ክረምት ነው። አሁን አይሸጥም።"

"ሌላ በሬ ትገዢበታለሽ እኮ! ሁለት ትገዢበታለሽ!"

"የትኛው ገበያ ሄጄ እንደሱ ያለ አገኛለሁ? ሕፃን ይመራዋል። አንድ ቀን ጅራፍ አልነካውም።"

አቶ ፈቃዱ ወደኔ ዞረ። "እርስዎ ያስረዷት እንጂ! የምን በሬ እንደሆነ አታውቅም።"

"ከኔም ከርስዎም በላይ ታውቃለች" አልኩት።

ተስፋ አልቆረጠም። ከድር የማሳው ጫፍ ላይ ደርሶ በሬዎቹን ሲያሳርፍ ጥቁሩ ዘንድ ሄደና ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ዘርግቶ ጎድኑን ዳሰሰ፤ ከዚያ ጭኑን፤ ከዚያ ትከሻውን። በሬው ጆሮውን ብቻ አንቀሳቀሰ። አቶ ፈቃዱ እጁን መለሰ።

"ጠንክሯል" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣም ልመናም አለበት። "ይኼ ሥጋ እኮ ደደረ! በዚህ ከቀጠለ ማንም አያኝከውም!"

"እሰይ" አለች አደ ዘይነባ። "ለማኘክ ነው እንዴ ያሳደግሁት?"

የአይሱዙው ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የኋላውን በር ይክፈት እንደሆነ ጠየቀ። ከድር እርፉን ጨበጠና ጥቁሩን በስሙ ጠርቶ "ናማ፣ ጉራቻ" አለ። ጥቁሩ ቀድሞ ዞረ፣ ነጩ ተከተለው፣ ማረሻው እርጥቡን መሬት ያዘ።